ዘጠኝ እጅ ደም፣ አንድ እጅ ሲትሬት

ቱቦዋ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 75 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 13 ሚሊ ሜትር፣ ክዳኗ ውሃ ሰማያዊ ነው። ከታች ጥርት ያለ ፈሳሽ አለባት፤ መጠኑ 0.3 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹ ሶዲየም ሲትሬት ይባላል፤ ጥንካሬው 3.2 በመቶ ነው። በጎኗ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ተሰምራለች። ደሙ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ 2.7 ሚሊ ሊትር ሞልቷል ማለት ነው። ዘጠኝ እጅ ደም፣ አንድ እጅ ሲትሬት።

ልኩ እንዲህ የተቆረጠው በምክንያት ነው። ደም ለመርጋት ካልሲየም ያስፈልገዋል። ሲትሬት ካልሲየሙን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ደሙም ቱቦዋ ውስጥ ሳይረጋ ይቆያል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ባለሙያው ካልሲየሙን በልክ ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ መርጋት ይጀምርና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። ቱቦዋ ሳትሞላ ከወጣች ግን ሲትሬቱ ለደሙ ይበዛል። የተረፈው ሲትሬት ኋላ የሚጨመረውን ካልሲየም ይሻማል፤ ሰከንዱም ይረዝማል። ደሙ ከእውነቱ ይልቅ የቀጠነ መስሎ ይነበባል። ያን ቁጥር ያመነ ሐኪም የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱን ይቀንሳል፤ አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታት ሕመምተኛም ባልሞላች ቱቦ ምክንያት ለሁለተኛ ስትሮክ ትጋለጣለች። ጥሩ ላቦራቶሪ ከመስመሩ በታች የቀረች ቱቦ አይቀበልም፤ ይመልሳታል። በተቃራኒው የቀይ ሕዋስ ድርሻው ከ55 በመቶ በላይ የሆነ ሰው ሲመጣ ደሙ ውስጥ ያለው ፕላዝማ ትንሽ ስለሆነ ሲትሬቱ ራሱ አስቀድሞ ይቀነሳል። ልኩ ለደሙ እንጂ ለቱቦዋ አልተሠራም።

ናሙና የምትወስደው ባለሙያ መጀመሪያ የምትመርጠው ክንዱን ነው። በስትሮክ የደከመው ክንድ አይወጋም። ስሜቱ ደንዝዟል፤ ከቆዳው ሥር ደም ቢጠራቀም ሕመምተኛዋ ላታውቀው ትችላለች። ላስቲኩ ከክርን በላይ ይታሰራል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። መርፌው ረጅም ቀጭን ጎማ ያለው ከሆነ በጎማው ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ይገባና የደሙን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሌላ ቱቦ ተሰክቶ አየሩን ያስወጣል፤ ያ ቱቦ ይጣላል። ከዚያ ውሃ ሰማያዊዋ ትሰካለች። ሞልታ ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ትገለበጣለች። አትናጥም፤ መናጥ ቀይ ሕዋሳቱን ይሰብራል፣ መርጋትንም ይቀሰቅሳል።

መርፌው ከመውጣቱ በፊት ላስቲኩ ይፈታል። ቀጥሎ ጥጡ ይቀመጥና ይጫናል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ አምስት ደቂቃ ያህል መጫን ያስፈልጋል፤ ክንዱም ቀጥ ብሎ ነው እንጂ ታጥፎ አይደለም። ሲታጠፍ ጥጡ ይንሸራተታል፤ ቀዳዳው ሲዘረጋ እንደገና ይከፈታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ልምድ የሌለው ሰው አያስተውለውም። የተወጋው ጤነኛው ክንድ ነው፤ ጥጡን ለመጫን የቀረው የደከመው እጅ ነው። እሱ ደግሞ አቅም የለውም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ጥጡን ለሕመምተኛዋ ሰጥታ ወደሚቀጥለው አልጋ አትሄድም። በሁለት ጣቷ ራሷ ይዛ ትቆማለች። «አይጠፉት፣ እህቴ፤ ትንሽ እንታገስ» ትላለች፤ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦዋ በሴንትሪፊዩጅ ትሽከረከራለች። ቀዩ ይዘቅጣል፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። ፕላዝማው እስከ 37 ዲግሪ ይሞቃል፤ የሰው ገላ ሙቀት ነው። በ0.1 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ላይ 0.2 ሚሊ ሊትር ትሮምቦፕላስቲን የተባለ የመርጋት ማስጀመሪያ ከካልሲየም ጋር ይጨመራል። ሰዓት ቆጣሪው በዚያች ቅጽበት ይነሳል። ዛሬ አብዛኛውን ሥራ ማሽን ይሠራዋል። በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ግን ቱቦውን ወደ ብርሃን አቅንቶ ያዘነብላል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ያዘነብላል። ፈሳሹ ውስጥ የመጀመሪያዋ የፋይብሪን ክር እንደታየች ሰዓቱን ያቆማል። ጤነኛ ደም ከ11 እስከ 13 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ባለሙያው ሥራውን ይደግመዋል፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ አማካዩን ይጽፋል፣ ከተራራቁ ሁለቱንም ይጥላል።

ይህን ምርመራ ለሕክምና ያበረከተው አሜሪካዊው አርማንድ ኩዊክ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1935 ነበር። ትሮምቦፕላስቲኑን ያወጣው ከጥንቸል አንጎል ነው። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። አንዱ የሠራው ትሮምቦፕላስቲን ከሌላው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ስለዚህ በአንድ ከተማ የተቆጠረ ሰከንድ በሌላ ከተማ ትርጉሙ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ያጸደቀው መላ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ትሮምቦፕላስቲን ከአንድ መነሻ ጋር ተመዝኖ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። የሕመምተኛዋ ሰከንድ ለጤነኞች አማካይ ሰከንድ ይካፈላል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ርቢ ሆኖ ይገባል። የሚወጣው ውጤት አይኤንአር ይባላል።

ስሌቱን በእጅ ሠርቶ ማየት ጥሩ ነው። የሕመምተኛዋ 27 ሰከንድ፣ የጤነኞች አማካይ 12 ሰከንድ ይሁን። ሲካፈል 2.25 ይሆናል። የትሮምቦፕላስቲኑ ቁጥር 1.0 ከሆነ አይኤንአሩ ያው 2.25 ነው። ቁጥሩ 1.4 ከሆነ ግን አይኤንአሩ 3.1 ይሆናል። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ያው 27 ሰከንድ በአንዱ ዕቃ መድኃኒቱን አትንኩ ይላል፣ በሌላው ከልኩ አልፏል ይላል። በሳጥኑ ላይ የታተመችውን ያችን ትንሽ ቁጥር አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሳይሰለች የሚያመሳክር የላቦራቶሪ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የሕክምና ባለሙያ እኩል ሊከበር ይገባዋል። ስሙ በሕመምተኛዋ ካርድ ላይ አይጻፍም።

ቱቦዋ የማን እንደሆነች ልንገራችሁ። በአገራችን እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ ነው። ልጅ ሆና ቶንሲሏን ታመመች፤ በቅጡ አልታከመችም። የሩማቲክ ትኩሳት ተከተለ፤ ማይትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ ጠባሳ ያዘ። ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ቫልቩን አጠበበው። ከቫልቩ በላይ ያለው የልብ ክፍል ሰፋ፤ ምቱ ተዛባ፤ ደም በማዕዘኑ ተኝቶ ረጋ። በአርባ ዓመቷ ገደማ ከዚያ የተቆረጠ ደም ወደ አንጎሏ ሄዶ አንድ የደም ሥር ዘጋ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከሙ፤ ንግግሯ ተሳሰረ። አሁን እግሯን ከመሬት ማንሳት እንደገና ትማራለች። የምትወስደው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። አይኤንአር የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ለሷ ዓይነት ልብ ግን ዋርፋሪን አልተተካም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት የሩማቲክ የልብ ሕመምና የተዛባ ምት ያላቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች ተከታትሎ፣ ከአዳዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ በዋርፋሪን ወገን የነበሩት የተሻለ እንደኖሩና ደም መፍሰሱም እንዳልበዛባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ውሃ ሰማያዊዋ ቱቦ እኛ ዘንድ ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች።

ሥራው ሁሉ በሁለት አደጋ መካከል ነው፤ ደሙ ከረጋ ሌላ ስትሮክ፣ ከቀጠነ መፍሰስ። አንጎሏ ውስጥ ደግሞ ለመፍሰስ የተዘጋጀ ስፍራ አለ። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ሲሞት በውስጡ ያሉት የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳም አብሮ ይጎዳል። በኋላ የዘጋው ደም ሲሟሟ ወይም በጎን መንገድ ደም ሲመለስ ያ ግድግዳ ግፊቱን አይችልም። ያፈሳል።

ይህን መፍሰስ ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይለዩታል፤ አከፋፈሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአውሮፓ ከተደረጉ የስትሮክ ጥናቶች የመጣ ነው። ሲቲ ስካን ላይ የሞተው ክፍል ጠቆር ይላል፤ ትኩስ ደም ነጭ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ በጥቁሩ ዳርቻ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። በሁለተኛው ነጠብጣቦቹ ይያያዛሉ፤ ግን በዙሪያቸው ያለውን አይገፉም። በሦስተኛው ደም ተጠራቅሟል፤ ከሞተው ክፍል ከ30 በመቶ አይበልጥም፤ ግፊቱም ቀላል ነው። በአራተኛው ከ30 በመቶ አልፏል፤ ጤነኛውን አንጎል ወደ ጎን ይገፋል። በመጀመሪያውና በአራተኛው መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በፎቶ ካልሆነ በሕመምተኛዋ ላይ አይታይም፤ አራተኛው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ደም ታይቷል» ብሎ ብቻ የሚያልፍ የምርመራ ውጤት ሥራው አልተጠናቀቀም።

የተጠራቀመውን ደም መጠን ለማወቅ የሚያገለግል አንድ የእጅ ስሌት አለ። ደሙ በሰፊው በሚታይበት የሲቲ ቅጠል ላይ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ከሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚሠራው አቅጣጫ ወርዱ ይለካል። ከፍታው ደሙ ከታየባቸው ቅጠሎች ብዛትና ውፍረት ይገኛል። ሦስቱ ይባዙና ለሁለት ይካፈላሉ። 4 በ3 በ2 ሃያ አራት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 12 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሐኪም በሌላ ማሽን የተነሳውን ፎቶ ይዞ ያንኑ ስሌት ቢሠራ ደሙ ጨመረ ወይስ ባለበት ቆመ የሚለውን በቁጥር መመለስ ይችላል። በቃል የተጻፈ «መጠነኛ» ይህን አይችልም።

ከዚያ የቀኑ ጉዳይ ይመጣል፤ ደም ማቅጠኛው መቼ ይጀመር? ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች 1፣ 3፣ 6፣ 12 የሚል ልማድ ነበራቸው። ምልክቱ ወዲያው ለጠፋለት በመጀመሪያው ቀን፣ ለቀላል ስትሮክ በሦስተኛው፣ ለመካከለኛ በስድስተኛው፣ ለከባድ በአሥራ ሁለተኛው። ልማዱ የመጣው ከልምድ ነው፤ በጥናት ገና አልተፈተነም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢላን የተባለ ጥናት ፈተነው። ጥናቱ የተዛባ የልብ ምት ያላቸውን 2,013 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። የተጠቀመው በአዳዲሶቹ መድኃኒቶች ነው፤ የቫልቭ መጥበብ ያላት የእኛ ሴት ከውጤቱ የምትወስደው በጥንቃቄ ነው። አንዱ ወገን ስትሮኩ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከባድ ከሆነ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ጀመረ፤ ሌላው ዘገየ። በ30 ቀን ውስጥ ምልክት ያሳየ የአንጎል ደም መፍሰስ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው ላይ ብቻ ታየ። ቀደም ብሎ መጀመር የተፈራውን ያህል አላፈሰሰም። ከዚህ ጥናት እኔን የሚስበኝ የመጠን አከፋፈሉ ነው። ቀላል የተባለው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጉዳት ነው። ቀኑን የወሰነው የሕመምተኛዋ መልክ ወይም የሐኪሙ ድፍረት ሳይሆን ፎቶው ላይ ያለው ስፋት ነው።

ዋርፋሪን ራሱ ከመፍሰስ የተወለደ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ የስዊት ክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የብርድ ወራት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ጣሳ የተቀዳ ያልረጋ ደም ይዞ በበረዶ ውስጥ ማዲሰን ወዳለው ዩኒቨርሲቲ መጣ። ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ድርቆሹ ውስጥ ያለውን ነገር ለይተው ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ ሥራ የተገኘው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሰው ተፈቀደ።

አሠራሩ በቀን ሳይሆን በሳምንት የሚታሰብ ነው። ዋርፋሪን የረጋ ደም አያሟሟም፤ የመርጊያ ንጥረ ነገሮቹን አሠራር ይቀንሳል። ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራቸው አራት ናቸው፤ ሁለተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው። ሰባተኛው በስድስት ሰዓት ገደማ ግማሹ ያልቃል። የሁለተኛው ግማሽ እስኪያልቅ ግን ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰባተኛው ቶሎ ስለሚወርድ አይኤንአሩ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን ገና በደም ውስጥ አለ። ቁጥሩ ደሙ ቀጥኗል ይላል፤ ሕመምተኛዋ ገና አልተጠበቀችም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በሦስተኛው ቀን ቁጥር አይደሰትም፣ አይደነግጥምም። ዛሬ የተለወጠ መጠን ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መሆኑን ያውቃል።

መጠን የማስተካከል ጥበቡ ግማሽ ክኒን ላይ ይታያል። በቀን 5 ሚሊ ግራም የምትወስድ ሴት በሳምንት 35 ትወስዳለች። አይኤንአሯ 3.4 መጣ፤ የሚፈስ ነገር የለም። መጠኑ እንዲቀነስ ከተወሰነ ብዙ ጊዜ የሳምንቱ ድምር ከ5 እስከ 20 በመቶ ባለው ውስጥ ይቀነሳል። ክኒኗ መሐሏ ላይ የመስበሪያ መስመር አላት። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ብትወስድ ድምሩ 32.5 ይሆናል፤ ቅናሹ 7 በመቶ ነው። ሁለት ቀን ግማሽ ብትወስድ 30 ይሆናል፤ ቅናሹ 14 በመቶ ነው። ሁለተኛው ከተመረጠ የትኞቹ ቀናት ይሁኑ? ጠንቃቃ ሐኪም ሰኞና ማክሰኞ ብሎ አያያይዛቸውም። ሰኞና ሐሙስ ይላል፤ በሳምንቱ ውስጥ ተራርቀው እንዲቀመጡ። ከዚያ በካርዱ ላይ ቁጥር ብቻ አይጽፍም፤ ሰባት ሣጥን ይሥልና በአምስቱ ሙሉ ክብ፣ በሁለቱ ግማሽ ክብ ያደርጋል። ማንበብ የማትችል እናትም ልጇን ሳትጠብቅ ትከተለዋለች።

ምግቡ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ሲበዛ አይኤንአሩን ያወርዳል። ለዚህ ብዙ ሕመምተኞች «ጎመን አትብሉ» ተብለው ይሄዳሉ። ምክሩ ቸኩሏል። በልክና በየሳምንቱ በተመሳሳይ መጠን የሚበላ ጎመን መጠኑ ከሱ ጋር ይስተካከላል። ጉዳት የሚያመጣው ድንገት መብዛቱና ድንገት መቅረቱ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይህን ለውጥ አስቀድሞ ያሳያል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ወተት ቀርተው ገበታው ጎመን ይበዛበታል። ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። አንዳንድ ጥሩ ባለሙያዎች ቀጠሮ ሲሰጡ የጾም መግቢያና መውጫ ላይ አንድ አንድ ምርመራ ያስገባሉ። ይህን የሚያደርጉት ሕመምተኛውን ስለሚያውቁ ነው።

መድኃኒት ከምግብ ይብሳል። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ከሰፈር ፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ ናቸው፤ ሁለቱም አይኤንአሩን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይገፋሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ የፕሌትሌትንም ሥራ ያደክማሉ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ጡንቻ ላይ የሚወጋ የዲክሎፌናክ መርፌ ደግሞ ሁለት አደጋ በአንድ ነው፤ መድኃኒቱና ቀዳዳው። ጥቁር፣ የሚጣበቅ ሰገራ የጨጓራ ወይም የአንጀት ደም መፍሰስ ምልክት ነው። የብረት ክኒን የምትወስድ ሴትም ሰገራዋ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ነርሷ ቀለሙን ብቻ አትጠይቅም፣ መጣበቁንና ሽታውን ትጠይቃለች።

እግሩ ላልተንቀሳቀሰ ሕመምተኛ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የኢኖክሳፓሪን መርፌም የራሱ አሠራር አለው። 40 ሚሊ ግራም በ0.4 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተሞልቶ ይመጣል። በመርፌው ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ አለች፤ አትወጣም። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ የምታስገባው እሷ ናት። ቦታው ሆድ ነው፤ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር የራቀ፤ ዛሬ በግራ፣ ነገ በቀኝ። ቆዳው በሁለት ጣት ይነሳል፤ መርፌው ቀጥ ብሎ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ መድኃኒቱ በዝግታ ይገፋል። መርፌው እስኪወጣ ድረስ የተነሳው ቆዳ አይለቀቅም። ከወጣ በኋላ አይታሽም። ብዙዎች ያሻሉ፤ ደግነት ይመስላቸዋል። በማግሥቱ ሆዱ ላይ መዳፍ የሚያክል ሰማያዊ ይወጣል። የአንድ ክፍል ነርሶች እጅ ምን ያህል እንደሰለጠነ ማወቅ የፈለገ ሰው የሕመምተኞቹን ሆድ ይመልከት።

እግሯን እንድታነሳ የሚያለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት የሚሠራው በሙሉ መዳፉ ነው። በጣቶቹ አይቆነጥጥም። ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ክንድ ላይ አምስት ጣት አምስት ምልክት ይተዋል። ሕመምተኛዋ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ይረግጣሉ። እሱ በደከመው ጎኗ ይቆማል። አንድ እጁ ከትከሻዋ አጥንት ጀርባ ይገባል፤ ሌላው የወገብ ቀበቶውን ይይዛል፤ ጉልበቱ ጉልበቷን ከፊት ይደግፋል። የደከመውን ክንድ አይጎትትም። ስትሮክ የመታው ትከሻ ጡንቻው ስለሚላላ መገጣጠሚያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ክፍተቱ በጣት ይለካል፤ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ተኩል። የተጎተተ እንደሆነ የላላው ይበጠሳል፤ በቀጠነ ደም ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ደም ይሞላል። ስለዚህ ስትነሳ የሚያነሳት ከክንዷ ሳይሆን ከደረቷና ከወገቧ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ከመሄዱ በፊት ክንዷን፣ ቅልጥሟንና ዳሌዋን ያያል። ትናንት ያልነበረ ሰማያዊ ካለ ይጽፋል፤ ስፋቱንም ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያሠምራል፤ ነገ የሚመጣው ሰው መስመሩን አልፎ እንደሆነ እንዲያይ።

የዚህን ሰው ዓይን እኔ ከማሽኑ አስቀድማለሁ። በየቀኑ ያንኑ ጡንቻ በዚያው አቀማመጥ የሚለካ ሌላ ሰው የለም። መለኪያው ከ0 እስከ 5 ነው። 0 ምንም እንቅስቃሴ የለም፤ 1 ጡንቻው ብቻ ብልጭ ይላል፤ 2 ክብደት ሳይጫነው ይንቀሳቀሳል፤ 3 የራሱን ክብደት ያነሳል፤ 4 ትንሽ ግፊት ይቋቋማል፤ 5 ጤነኛ ነው። ትናንት 3 የነበረ እግር ዛሬ 2 ከሆነ «ደክሟት ይሆናል» አይልም። ልምምዱን ያቆማል፣ የደም ግፊቷን ያስለካል፣ ሐኪም ይጠራል። ብዙ ጊዜ የተኛችበት ሌሊት መጥፎ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ሲቲው ላይ አዲስ ነጭ ይታያል።

ከሁሉ ለመለየት የሚከብደው አንጎል ውስጥ ያልሆነው መፍሰስ ነው። በሆድ ጀርባ ከአከርካሪ እስከ ጭን የሚወርድ፣ ጭንን ወደ ላይ የሚያነሳ ወፍራም ጡንቻ አለ። ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ይህ ጡንቻ ሳይመታ እንኳ ውስጡ ሊደማ ይችላል። ደሙ የጭንን ነርቭ ይጫናል፤ ጉልበቱ ይዝላል። ስትሮክ ባለባት ሴት ላይ ድካሙ በስትሮኩ ይሳበባል። የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ብሽሽቷን ያማታል፣ ጭኗን አጥፋ ትተኛለች፣ ፊዚዮቴራፒስቱ እግሯን ቀጥ ሊያደርግላት ሲሞክር ትጮኻለች። ስትሮክ እንዲህ አያሳምምም። ይህን ለይቶ «ሆዷን ሲቲ እናንሳ» ያለ ፊዚዮቴራፒስት ብዙ ደም አትርፏል።

ቤት ከገባች በኋላ ዘመድ ይመጣል፤ ቅቤ ይመጣል፤ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻ የወለቀ አጥንት ሲመልስ እጁ ዋጋ አለው። በዋርፋሪን ላይ ያለ የደከመ ክንድና እግርን አጥብቆ ማሸት ግን ጡንቻው ውስጥ ደም ያጠራቅማል፤ የላላውን ትከሻም ያወልቃል። እንደ መዳበስ የቀለለ እጅ፣ ከስሜት ማጣት የተነሳ የማይሰማትን ቆዳ በዓይን እያዩ፣ ይበቃል።

ቤታችሁ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ ካርዱን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። የመጨረሻው አይኤንአር መቼ እንደተለካ፣ ስንት እንደነበር፣ ግማሽ ክኒኑ የትኞቹ ቀናት ላይ እንደተጻፈ አንብቡ። ማንኛውም መርፌ ከመወጋቱ፣ ማንኛውም ክኒን ከመገዛቱ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ያን ካርድ ለባለሙያው አሳዩ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ወይም ትናንት ይነሳ የነበረ እግር ዛሬ አልነሳ ካለ ቀጠሮውን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሲቲ ስካን ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱ፤ ካርዱንም ይዛችሁ ሂዱ።